ቅቤ የተወጋው ተርኪ

ካርቱም ውስጥ፣ ሪያድ ሰፈር ከሚገኝ አንድ ትልቅ ቤት በር ላይ ገፊር፣ ማለት ዘበኛ፣ ሆኜ ዓመታት ተቀምጫለሁ። ምግብ መሥራትን በወጥ ቤቱ መስኮት እያየሁ፣ አረብኛ ማንበብን ከሱቅ ሰሌዳ እየለቀምሁ ራሴን አስተማርሁ። ወጥ ሠሪው ሥራውን ጥሎ ሲሄድ ቦታውን ለሙከራ ያዝሁ፤ በበሩ ወንበሬ ላይ ደግሞ አንድ ሱዳናዊ ገፊር ተተካ።

የፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሊገባ ሲል መዳም የምንላት ፈረንጅ አሠሪያችን ለገናዋ ተርኪ የሚሉትን ትልቅ ወፍ እንድጠብስ አዘዘችኝ። ሥጋው እንዳይደርቅ መጀመሪያ ቅቤ በመርፌ ይወጋል ብላ ከመጽሔት ላይ ሥዕሉን አሳየችኝ። እንግዶቿ ከወደዱት ወጥ ቤቱ የእኔ ነው። ካልወደዱት ከሆቴል ሰው ታመጣለች፣ እኔም ወደ በር ጥበቃዬ እመለሳለሁ።

ለከብት የሚሆን ትልቅ መርፌ ገዛሁ። ባለመድኃኒቱ በሽተኛው ማን እንደሆነ ጠየቀኝ። ከሞተ ሁለት ቀኑ ነው አልሁት።

ቅቤውን ከወረቀቱ አውጥታ ያቀለጠችልኝ የቤቱ ሠራተኛ የወሎ ልጅ ነበረች። ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬና ጨው ጨመርሁበት፤ መርፌውን እንዳይደፍነው በንጹሕ ሻሽ አጠለልሁት። ወፉንም ከማለዳ ጀምሮ ከፍሪጅ አውጥቼ ነበር፤ ሥጋው ከቀዘቀዘ ቅቤው ገና ሳይገባ ይረጋል። ይህ መጽሔቱ ላይ አልነበረም፣ የራሴ ጭንቅላት ነው። ደረቱንና ጭኑን ስወጋው ቆዳው እንደ ሕፃን ጉንጭ ተነፋ።

ተርኪው ምድጃ ከገባ በኋላ ጠረጴዛውን ሳጸዳ የቅቤውን ወረቀት አነበብሁ። ጨው ያለበት ይላል። እኛ አገር ገበያ ቅቤ ጨው ገብቶበት አይሸጥም፤ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን በምን ልወቅ? ጨው በጨው ላይ ወግቻለሁ።

የሚቀምስ ሰው ደግሞ የለም። እኔ የገና ጾም ላይ ነኝ፤ የወሎዋ ልጅና አዲሱ ገፊር ረመዳን ይዘዋል። መዳምን ቅመሺ ማለት ፍርዱን በገዛ እጄ መጥራት ነው።

«ጋሼ» አለችኝ ልጅቱ፣ «በምላሴ ጫፍ ነክቼ ብተፋው ጾሜ አይፈርስም። ለሚያበስል ሰው ይፈቀዳል።»

«ተይው። ጨውን በአፍንጫዬ አውቀዋለሁ።»

«ጨው ይሸታል እንዴ ጋሼ?»

ምድጃውን ከፈትሁ፣ ዘጋሁ። ወደ በሩ ሄድሁ፤ ሱዳናዊው ወንበሬ ላይ ተዘርግቶ ተኝቷል። ተመለስሁ፣ ምድጃውን እንደገና ከፈትሁ፣ እጄ ንጹሕ ሳለ ታጠብሁ። ቤቱ በጥብሱ ሽታ ታውዷል፤ አፍንጫዬ ግን ስለ ጨው አንድም ነገር አልነገረኝም። መግሪብ፣ ማለት የጾማቸው መፍቻ፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ ሦስት ጊዜ ጠየቅኋት።

«ቢገፏትም ፀሐይ ከሰዓቷ በፊት አትጠልቅም» አለችኝ እየሳቀች።

ለማባያው ሩዝና ድንች የፈላው ውኃ እየጠበቀ ነው። ጨው አንሥቼ መልሼ አስቀመጥሁ።

በመጨረሻ አዛን ተሰማ። ቢስሚላህ ብላ ቴምር በላች፣ ውኃ ጠጣች። ከዚያ ዳቦ ቆርሳ ትሪው ላይ የወረደውን ቅቤ አጠቀሰችና ከደረቱም ትንሽ ቀነጠበች። መንጋጋዋን እያየሁ ቆምሁ።

«ይጣፍጣል ጋሼ» አለች። አኝካ እንደጨረሰች፣ «ግን ያንን ውኃ ያቀብሉኝ።»

ጨው ሳልነካ ሩዙን ጨመርሁ፣ ድንቹንም በባዶ ውኃ ቀቀልሁ። የወረደውን ቅቤ ደፋሁት። ሳህኑ ላይ ከታች ሩዝ፣ ከላይ በስሱ የተቆረጠ ሥጋ አድርጌ ደረደርሁ፤ ማንም አንዱን ያለ ሌላው እንዳይጎርስ።

እንግዶቹ ሲበሉ ከመመገቢያው ክፍል በር ኋላ ቆሜ የሹካ ድምፅ ስቆጥር አመሸሁ። ከሄዱ በኋላ መዳም ገባች።

«ሩዙ ጨው የለውም» አለችኝ።

«አውቄ ነው» አልኋት።

ነገ ጠዋት ዕቃህን ከበሩ ክፍል አውጣ አለች። ሽርጤን ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁ። ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያለውን ክፍል እንዳስጸዳችልኝ የነገረችኝ ከዚያ በኋላ ነው።

እዚያ ክፍል ስምንት ዓመት ኖርሁ። ኦምዱርማን ላሉ ወዳጆቼ ያንን ጨው በአፍንጫዬ እንዳወቅሁት ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ። የወሎዋ ልጅ ባለችበት ግን ወሬውን ወደ መርፌው አዞረዋለሁ።