በኦሪዮን ደመና ላይ የቀረበ ክስ

ባለፈው ዓመት ጥር አሥራ ሁለት ቀን፣ በቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ጁባ አማራት ሰፈር ውስጥ፣ የምኖርበት ሆቴል ባለቤትና የእድራችን ሰብሳቢ የሆኑት ሰው በአባላት ፊት ቆመው፣ በማኅፀን ሳለ የሞተውን ልጃቸውን የገደለው የእኔ ቴሌስኮፕ መሆኑን ተናገሩ። ቴሌስኮፑንም ወስደው የውኃ መሳቢያው ሞተር ባለበት ክፍል ቆለፉበት። ከተሰበሰበው ሰው መካከል "እንዴት ሊሆን ይችላል?" ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኔ ጠየቅሁ። 

የተማርሁት ከዋክብት እንዴት እንደሚወለዱ ነው። በዚህ ጉዳይ የዶክትሬት ማዕረግ አለኝ፤ ጁባ ውስጥ የማዕረጉ ጥቅም ሰዎች "ዶክተር" ብለው ከጠሩኝ በኋላ የወገብ ሕመማቸውን እንዲነግሩኝ ብቻ ነው። የምተዳደረው በአንድ የእርዳታ ድርጅት ቢሮ የአጎበር ሥርጭት መረጃ በኮምፒውተር እያስተካከልሁ ነው። አገር ቤት ለዕውቀቴ የሚሆን ወንበር ነበረ። የተቀመጠበት ሌላ ሰው ነው፤ እሱን ዛሬ አላነሳም።

በሆቴሉ ሰገነት ላይ ያለችውን ክፍል የተከራየሁት ለሰማዩ ብዬ ነው። በበጋ ጄኔሬተሩ ሲያርፍ ሰፈሩ ይጨልማል፤ ሣር የሚቃጠልበት ጭስ ካልጋረደው በቀር ሰማዩ ከብዙ አገር ሰማይ ይሻላል። ቴሌስኮፑን በሁለቱ የውኃ ታንከሮች መካከል አቆመው ነበር። የሰብሳቢው ባለቤት የሆቴሉን ወጥ ቤት የምትመራ ሴትና በዚህ ከተማ ያለችኝ ብቸኛ ጓደኛ ናት። የምድጃው ሙቀት ሲበረታባት ንፋስ ለመቀበል ወደ ሰገነቱ ትወጣለች። በዚያ ታኅሣሥ ራት አቅርባ ስትጨርስ እንደ ልማዷ ወጣች። ሰባተኛ ወሯ ነበር።

"ዶክተርዬ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ነው የምትሰልዪው?"

"ኦሪዮን ከሚባሉት ከዋክብት መካከል ያለ ደመና ነው። ከዋክብት ይወለዱበታል።"

"እስቲ አሳዪኝ። በዚህ ሆድ ማጎንበስ ከተቻለ።"

ወንበር አቀረብሁላት። ሦስቱ ከዋክብት ተሰልፈው ከሚታዩበት ዝቅ ብሎ ያለውን ብዥታ አስተካክዬ ያዝሁላትና፣ "ትኩር ብለሽ አትዪው፤ ዓይንሽን ትንሽ ወደ ጎን አድርጊ፣ ያን ጊዜ ይወጣልሻል" አልኋት።

"እንደ አማት ነዋ!" ብላ ሳቀች። ከዚያም ዓይኗን ወደ ጎን አደረገች። "እንዴ! ይሄ እኮ የሽሮ እንፋሎት ነው። ለዚህ ነው ፀጉርሽ እስኪሸብት የተማርሽው?"

"ለዚህ ነው።"

"በስልክ ያሳየሽኝ ግን ቀይ ነበር።"

"ካሜራ ብርሃን እያጠራቀመ ይቆያል፤ ዓይን ያን ያህል አያጠራቅምም። ቀለሙ አለ፤ እኛ ነን የማንደርስበት።"

የምታየው የደመናውን የበራ ፊት መሆኑን ነገርኋት። ያበሩት በመካከሉ ያሉት አራት ወጣት ከዋክብት ናቸው። የከዋክብቱ ፅንስ ያለው ግን በብርሃኑ ውስጥ አይደለም፤ ከጀርባው ባለው እጅግ ቀዝቃዛና ጥቁር ደመና ውስጥ ነው። ደመናው የሚጠብቀው ቅዝቃዜን ነው፤ ካልቀዘቀዘ በራሱ ክብደት ወደ ውስጥ ሊወድቅ አይችልም።

"ይሄ ሁሉ ጭስ ታዲያ ኮከብ ይሆናል?" አለች።

"አይሆንም። አብዛኛው ይበተናል። ከተሰበሰበውም ክብደቱ ያልበቃው ሳይበራ ይቀራል።"

እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። "ምስኪን" አለች፤ ለማን እንዳለች አልጠየቅሁም። ከዚያ እስከ ዛሬ የማልረሳውን ነገረችኝ። የመጀመሪያ ልጇ በጤና ተወልዳ አሁን ትምህርት ቤት ናት። ከእሷ በኋላ የፀነሰቻቸው ሁለቱ ሞተዋል፤ ሁለቱም የሞቱት እኔ ጁባን ከመርገጤ በፊት ነው።

"ሾተላይ አለብሽ ይሉኛል።"

"የደምሽ ዓይነት ምንድን ነው?"

"እኔ ምን አውቄ፣ ቀይ ነው።"

ሁለታችንም ሳቅን። ተመርመሪ አልኋት፤ እሺ አለችኝ። ሳትመረመር፣ ለጥምቀት ጥቂት ቀናት ሲቀሩ፣ ሦስተኛው ሞተ። በሐዘኗ ውስጥ ሆና በዚያ ምሽት ያልሁትን ለባለቤቷ ደገመችላቸው። የእድሩ ስብሰባ የተጠራው በዚህ ነው።

"እህቴ" አሉ ሰብሳቢው፣ "ነፍሰ ጡር ሴት በጨለማ አስቀምጠሽ 'አብዛኛው አይወለድም' ብለሽ አላሟረትሽም?"

"የተናገርሁት ስለ ከዋክብት ነው።"

"ኮከብ የሌለው ሰው አለ እንዴ?"

አዳራሹ በማጉረምረም ደገፋቸው። እያንዳንዱ ሰው ሲወለድ ኮከብ እንዳለው፣ ኮከቡም በስሙና በእናቱ ስም ተቆጥሮ እንደሚገኝ ከልጅነታቸው የሰሙ ናቸው፤ ስለዚህ ሳይበራ የቀረ ኮከብ ያየች እናት የልጇን ኮከብ አየች። ስሕተቱ የራሱ ሥርዓት አለው፤ ሞኝነት ብዬ አላቃለልሁትም። የመለስሁላቸው በቁጥር ነው። ከዚያ ደመና ተነሥቶ ዓይኗ የገባው ብርሃን ጉዞውን የጀመረው ከአንድ ሺህ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ነው። ያን ጊዜ ጁባ የሚባል ከተማ አልነበረም፤ ከመካከላችን የማንም ቅድመ አያት አልተወለደም። ብርሃኑ ስለ አንድ ማኅፀን ሊያውቅ አይችልም።

አንድ አዛውንት ተነሡ። "ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ሰውየው ሐዘንተኛ ነው። ጉልበቱን ሳሚና ነገሩ ይለቅ። ይቅርታ ምን ያስከፍላል?"

"የሚቀጥለውን ልጅ ያስከፍላል" አልሁ።

ድፍረት ተባለ። ልቧ ድንጋይ ነው ተባለ። በእኛ ዘንድ ይቅርታ የሚጠየቀው ጥፋት ስለተገኘ ብቻ አይደለም፤ ነገሩ እንዲዘጋ ነው። ያላጠፋ ሰው ለሰላም ሲል ጎንበስ ይላል፣ ሌላው ያነሣዋል፣ ሁሉም በልቶ ይሄዳል። ይህን ሥርዓት በሌላ ጉዳይ አከብረዋለሁ። እዚህ ግን እኔ ጎንበስ ባልሁበት ቅጽበት ገዳዩ ተገኘ ማለት ነው፤ ገዳዩ ከተገኘ ደግሞ ሌላ የሚፈልግ የለም። ሦስት ልጆች የሞቱበት ምክንያት በእኔ ጉልበት ሥር ተቀብሮ እንዲቀር አልፈቀድሁም። ዛሬም አልፈቅድም።

ቴሌስኮፑ ከተቆለፈ እነሆ ወራት አለፉ። አሁን ኅዳር እያለቀ ነው። ኦሪዮን እንደ መሸ በምሥራቅ፣ በወንዙ በኩል፣ ይወጣል። ከሦስቱ ከዋክብት ሥር ያለው ብዥታ ያለ መሣሪያም ለሚያውቀው ይታያል፤ በየምሽቱ ቆሜ አየዋለሁ። ለዚህ የሚሆን ቁልፍ ሰብሳቢው የላቸውም።

ባለፈው ሳምንት በጠራራ ፀሐይ ጓደኛዬ የታጠበ አንሶላ ይዛ ወጣች። ከጥር ወዲህ እንዳታናግረኝ ተከልክላ ነበር። አንሶላውን በገመዱ ላይ እየዘረጋች፣ ፊቷን ሳታዞር ተናገረች።

"አምስተኛ ወር ይዣለሁ። ተመረመርሁ። ደሜ ኔጋቲቭ ነው አሉኝ።"

"ሌላስ?"

"ባልሽን አምጪ አሉኝ። የእሱ ፖዚቲቭ ከሆነ፣ ከመጀመሪያው ልጅ በኋላ ሰውነቴ የሚመጡትን እንደ ጠላት ሊዋጋቸው ይችላል አሉ። በጊዜ ከታወቀ ክትትልም ሕክምናም አለው። ስነግረው ምን አለኝ መሰለሽ? 'የእኔ ደም ምን አደረገ? የገደለው ታውቋል።'"

"እኔ ምን ላድርግ?"

"ጻፊው። እኔ ብደግመው ከእሱ እጣላለሁ። አንቺ እንደሆነ ተጣልተሽ ጨርሰሻል።"

እውነቷን ነው።

ስለዚህ፣ አቶ ሰብሳቢ፣ ይህ ለእርስዎ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ ሐኪም ያላትን ብቻ እደግማለሁ። ልሳሳት እችላለሁ፤ መሳሳቴን የሚያረጋግጠው ግን የእርስዎ ክንድ እንጂ የአዳራሽ ጉርምርምታ አይደለም። ደምዎ እንደ ባለቤትዎ ኔጋቲቭ ከሆነ የገመትሁት ምክንያት ወድቋል፤ ያን ጊዜ በእነዚያው አባላት ፊት፣ አዛውንቱ ባሉት ቦታ፣ ጎንበስ ብዬ ጉልበትዎን እስማለሁ። ቴሌስኮፑንም አልጠይቅዎትም፤ ከሞተሩ ጋር ይዛግ። ፖዚቲቭ ከሆነ ግን የሚጠፋ አንድም ቀን የለም፤ ልጁ በሕይወት ነው፣ ይንቀሳቀሳል፣ እናቱ ነግራኛለች።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ መልሱም ከሁለት አንዱ ነው። ከመጪው እሑድ በፊት ክሊኒኩ ሄደው ደምዎን ይሰጣሉ ወይስ አይሰጡም?