ቅቤ የጠጣች ጥይት

ቀጄላ መጀመሪያ እጁን በአመድ ይታጠባል። ሳሙና አይነካም፤ ቅባት ይተዋል ይላል። እጁን ፀሐይ ላይ ያደርቅና ከደጁ መደብ ላይ ጆንያ ያነጥፋል። ጆንያው ላይ አንድ የመስኮት መስታወት ያጋድማል፤ ዘንበል እንዳይል ከሥሩ ጠጠር ያስገባል። ከዚያ ጤፍ የተሞላውን የዘይት ጣሳ አምጥቶ እጁን እስከ አንጓው ይከታል። የሚያወጣው ግን ጤፍ አይደለም፤ የምንሽር ጥይት ነው።

እያንዳንዷን በደረቅ ጨርቅ ይጠርጋታል። መስታወቱ ላይ አስተኝቶ በአንድ ጣት ይገፋታል። ቀጥ ብላ ከተንከባለለች ወደ ቀኝ፤ አፍንጫዋ እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ ወደ ግራ። ቀጥሎ ጆሮው ሥር ይነቀንቃታል። ባሩዱ እንደ ደረቅ ተልባ ከተንሿሿ ደህና ነች፤ ዝም ካለች እርጥበት ገብቶ ረግቷል ማለት ነው። ቀለሃውን በግራ፣ አረሩን በቀኝ ይዞ ይጠመዝዛል፤ ከዞረ አትረባም። ገልብጦ መቀመጫዋን ያያል፤ መርፌው የሚመታት ትንሿ ክብ አረንጓዴ ዝገት ከያዘች አትረባም። የተረፉትን በክር በተንጠለጠለች የሸምበቆ ሚዛን ከዚህም ከዚያም እያንጠለጠለ እኩል የቆሙትን ጥንድ ጥንድ ያደርጋል። «ማጋባት» ይለዋል። መቀመጫቸው ላይ ያለው ማህተም ከተለያየ ግን ቢመዛዘኑም አያጋባቸውም።

«ዘራቸው ሌላ ነው» ይላል። «ቅርብ ለሆነ ነገር ግድ የለም። ገደሉን ለመሻገር ግን አንዷ ከፍ ትላለች፣ አንዷ ዝቅ። ዝንጀሮ መሀል ላይ ተቀምጦ ይስቅብሃል።»

ምርጦቹ ወደ ጤፉ ይመለሳሉ። ክረምት በወጣ ቁጥር ይህንኑ ይደግማል። ጠመንጃው የት አለ ያላችሁ እንደሆነ፣ የለም።

ከነፋስ ስልክ በእግር ተነስቶ ወደ ለቡ ለሚወርድ ሰው፣ ከተማው አልቆ ሽምብራው ሲጀምር የመጀመሪያው ማሳ የቀጄላና የሚስቱ የወርቄ ነው። ከማሳው ማዶ ገደል፣ ከገደሉ ማዶ ድንጋያማ ዳገት አለ፤ የፉሪ ተራራ ዝንጀሮዎች ሽምብራ እሸት ሲይዝ በዚያ በኩል ይወርዳሉ። መንጋው ከመውረዱ በፊት አንድ ትልቅ ወንድ ዳገቱ ላይ ካለች ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ዘብ ነው። እሱ ዝም ካለ መንጋው ይወርዳል፤ እሱ ከጮኸ ይሸሻል። እሱ ከወደቀ ደግሞ መንጋው ለረጅም ጊዜ በዚያ በኩል ዝር አይልም። ስለዚህ ጠቅላላ ሥራው አንድ ጥይት ነው፤ ግን ገደሉን የምትሻገር መሆን አለባት። ቀርቦ መተኮስ አይቻልም፤ ወንድ ከገደሉ ጫፍ ብቅ ሲል ዘቡ አይቶ ይሰወራል። ሴት ስትሆን አይሰወርም።

«እኔን ሲያይ ብብቱን ነው የሚያክ» ትላለች ወርቄ። «ድንጋይ ብወረውር ቆሞ ያይልኛል፣ የት እንደሚያርፍ።»

ያ ምንሽር በንጉሡ ዘመን የማሳው ባለርስት ንብረት ነበር፤ ቀጄላም ጠመንጃ ያዡ ነበር። ባለርስቱ ዝናሩን በየጥምቀቱ በሎሚና በአመድ ያስወለውለዋል፤ እንዲያብረቀርቅ ደግሞ እያንዳንዷን ጥይት ቅቤ ያስቀባታል። በዓል በመጣ ቁጥር ቅቤ። ጥይት ቅቤ ስትቀባ ቆዳዋ ያምራል፤ ቅቤው ግን በመቀመጫዋ በኩል ሰርጎ ባሩዱ ድረስ ይገባል። ባለርስቱ ጠቆር ያሉትን «የዝናር መልክ ያበላሻሉ» ብሎ ሲጥላቸው ቀጄላ ቅቤ ሳይነካቸው እየለቀመ ጤፍ ውስጥ ይከታቸው ነበር። መሬት ለአራሹ ሲሆን ጠመንጃውና ዝናሩ ለገበሬ ማህበሩ ገቡ። ማህበሩ ሞልቱን ሊቀመንበር አድርጎ መረጠ፤ ሞልቱ ደግሞ ጠመንጃውን ከነዝናሩ ለቀጄላ ሰጥቶ «የሰብል ጠባቂ» አለው። ቀጄላ ሥራውን ሠራ። ሞልቱም በአፉ ሠራ፤ በደረሰበት ሁሉ ስለ ተኳሹ ያወራል።

በዚህ ዓይነት ወሬው ሃምሳ አለቃ መዝገቡ ጋ ደረሰ። ሃምሳ አለቃው በየገበሬ ማህበሩ እየዞረ ለዘመቻ ሰው የሚመለምል ነው። ከተኳሽ ይጀምራል።

«ገደል ለገደል የሚመታ አለን» አለው ሞልቱ።

«ነገ ጠዋት ልየው» አለ ሃምሳ አለቃው። «ከመታ ይዤው እሄዳለሁ።»

ሞልቱ ያኔ ነው ያፈገፈገ። በቀጥታ ወደ ቀጄላ ደጅ መጣ፤ ወርቄ ከበሩ አላሳለፈችውም።

«ባሌን ሸጥከው?»

«ኧረ አልሸጥኩም! አመሰገንኩት እንጂ።»

«ቤትህ ሂድና ሚስትህን አመስግን። እሷ ትዝመት።»

ቀጄላ መደቡ ላይ ተቀምጦ ይሰማ ነበር። ዝመት ከተባለ ማሳው ላይ የሚቀረው ማን እንደሆነ ያውቃል፤ ዝንጀሮ የማይፈራት ሚስቱ ብቻ ነች።

«አፈሙዙን ትንሽ ዘንበል አድርገው፣ ሳተው» አለ ሞልቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ሀና ማርያም በኩል አንዱ እንደዚያ አድርጎ አልነበር?» አለ ቀጄላ።

«አዎ።»

«የት ነው አሁን?»

«ከሁሉ ቀድሞ ለዘመቻ ተጫነ» አለ ሞልቱ።

ሃምሳ አለቃው ኢላማውን አያይም ይባላል፤ ከጎን ቆሞ የተኳሹን ዓይን ነው የሚያይ። ስለዚህ ቀጄላ በትክክል ማነጣጠር ነበረበት። መሳት ያለባት ጥይቷ ነች።

ጆንያውን አነጠፈ፤ መስታወቱን አስተካከለ። እጁን በአመድ መታጠብ ግን አላስፈለገውም። ዝናሩን አምጥቶ እያብረቀረቁ የተደረደሩትን አንድ በአንድ አወጣና የዘወትሩን ሥራ ወደ ኋላ ሠራው። የምትንገዳገደውን ወደ ቀኝ፣ ዝም ያለችውን ወደ ቀኝ፣ አረሯ የሚዞረውን ወደ ቀኝ። ወርቄ አጠገቡ ተቀምጣ እያሸተተች አገዘችው።

«ይቺ በጣም ሸታለች። ንጥር ቅቤ ነች።»

«አምጪያት።»

«በሕይወትህ እንደዚህ ተጠንቅቀህ መርጠህ አታውቅም።»

«አዎ» አለ ቀጄላ። «መጥፎ ማግኘት ቀላል ነው። የታመነ መጥፎ ማግኘት ነው ከባዱ።»

ሦስት መረጠ።

በማግሥቱ ጠዋት ነፋስ አልነበረም። ሃምሳ አለቃው፣ ሞልቱና ወርቄ ከገደሉ ርቀው፣ ከሽምብራው ወዲህ ባለው አጥር ተከልለው ቆሙ። ቀጄላ ከአጥሩ ሥር በሆዱ ተኛ። ማዶ ዘቡ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል።

«ተኩስ፣ ጓድ» አለ ሃምሳ አለቃው። ዓይኑ የቀጄላ ዓይን ላይ ነው።

ቀጄላ አቀባበለ፤ አነጣጠረ፤ ሳበ። ቀጭ። ሌላ ነገር የለም። ጥቂት ጠብቆ አወጣት። ሁለተኛዋን አገባ፤ አነጣጠረ፤ ሳበ። ቀጭ።

«ጠመንጃህ ሞቷል እንዴ?»

«ጥይቷ ነች፣ ጓድ ሃምሳ አለቃ።»

ሦስተኛዋን አገባ። ንጥር ቅቤዋ ይቺ ነች። አነጣጠረ፤ ሳበ። ቀጭ።

ወርቄ ትንፋሿን ለቀቀች። ሞልቱ ላቡን ጠረገ። ቀጄላ ግን አልተንቀሳቀሰም። ጠመንጃ ከያዘ ጀምሮ አንድ ሕግ አለው፤ ቀጭ ያለች ጥይት እንደሞተች አይቆጠርም፣ አፈሙዙ ካነጣጠረበት አይነሳም፣ ዓይንም አይነሳም። የባለርስቱ አጎት ልጅ ቶሎ አንስቶ ነው እግሩን ያጣው። እጁ ሕጉን ጠበቀ። ልቡ ቤቱ ነበር፤ እጁ ግን ሥራው ላይ ነበር።

ጥይቷ እንደ ሰነፍ ሰው ዘግይታ ነቃች። ፍስስ አለች፤ ከዚያ ጓ። የተጠበሰ ቅቤ ሽታ ያለው ጢስ ወጣ። ማዶ ዘቡ ከድንጋዩ ላይ እንደ ጆንያ ተንሸራቶ ወደቀ። መንጋው ጮኾ ዳገቱን ወጣ።

ሃምሳ አለቃው ዓይኑን ከቀጄላ አንስቶ ማዶውን አየ።

«መታኸው» አለ ሃምሳ አለቃው።

«እንዲያ ይመስላል» አለ ቀጄላ። ፊቱ የሐዘንተኛ ነበር።

«ቀጭ ካለ በኋላ ሳትነቃነቅ ጠበቅህ። ይህን ማን አስተማረህ?»

ቀጄላ አፉን ሳይከፍት ወርቄ ቀደመች። «ምን ጠበቀ ይሉኛል፣ ጌታዬ! ደርቆ ነው እንጂ! ይሄ ሰው ሲደነግጥ ይደርቃል። አምና ጅብ ደጃችን መጥቶ፣ በር ላይ እንደቆመ ደርቆ ቀረ። እኔ ነኝ በሙቀጫ ዘነዘና ያባረርኩት።»

«እውነት ነው?» አለ ሃምሳ አለቃው ወደ ሞልቱ ዞሮ።

ሞልቱ ሊቀመንበር ከሆነ ወዲህ የመጀመሪያዋን ጠቃሚ ንግግር ተናገረ። «አገር ያወቀው ነው። ጅቡም አዝኖለት ነው የሄደው።»

«ትላንት ገደል ለገደል ይመታል አላልከኝም?»

«ጠመንጃውን ማለቴ ነው፣ ጓድ። ጠመንጃው ነው የሚመታው።»

ሃምሳ አለቃው ምንሽሩን ከቀጄላ እጅ ወስዶ ቀለሃዋን አወጣ። ያባበጠ፣ የጠቆረ፣ ጠርዙ ቅቤ የተለበጠበት። አሸተተው። አፈሙዙን ወደ ሰማይ አድርጎ ውስጡን አየ፤ ቀጄላ በየጊዜው እየጠረገው እንደ መስታወት ነው።

«በዚህች ጥይት፣ በደረቀ ሰው እጅ፣ ያንን ያህል ርቀት» አለ ለራሱ። «ጥሩ ጠመንጃ ነው።»

«ጥሩ ነው» አሉ ሦስቱም በአንድ አፍ።

«ይሄዳል። ሰውየው ይቅር፤ መሣሪያው ይዘምታል። ለምንድነው ግን ይቺን ቆሻሻ ያጎረስከው?»

«የማህበር ንብረት ነው» አለ ቀጄላ። «ደህና ደህናው ዝንጀሮ ላይ አለቀ፤ የቀረን ይኸው ነው።»

ሃምሳ አለቃው ዝናሩንም አነሳ። የጠዋት ፀሐይ አርፎበት ወርቅ ይመስላል። ቀጄላ ዝም ማለት ይችል ነበር፤ ግን ይህን ዝናር ታጥቆ የሚቆመው የሰው ልጅ እንደሆነ አሰበ።

«ጓድ ሃምሳ አለቃ፣ ዝናሩን ይተዉት። ቅቤ ጠጥቷል። አይተኩስም። ሲፈልግ ደግሞ ይተኩሳል፤ እሱ ነው የባሰው።»

ሃምሳ አለቃው ዝናሩን ትከሻው ላይ ሞክሮ አየው። «ለሰልፍ ይሆናል» አለና ወሰደው።

ዘቡ በመውደቁ የዚያን ዓመት ሽምብራ እስኪታጨድ ዝንጀሮ አልወረደም። ወርቄ ለሞልቱ እሸት ላከችለት፤ አፉን እንዲሞላበት ነው ብላ። ጠመንጃው ግን አልተመለሰም። በቀጣዩ ዓመት ሞልቱ ከሚሊሺያው ክላሽ ተውሶ መጣ፤ አንድ ካዝና ሙሉ አርከፈከፈው፤ ሁሉም ገደሉ ውስጥ ቀረ። አዲሱ ዘብ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ሲያይ ነበር። «ክላሽ ከቅርብ ሆነው ለሚጣሉ ሰዎች ነው» አለ ቀጄላ።

ዘንድሮም ክረምት ሲወጣ እጁን በአመድ ታጥቦ፣ ጥቁሮቹን ከጤፉ አውጥቶ፣ አንከባልሎ፣ ነቅንቆ፣ መዝኖ፣ አጋብቶ መልሷቸዋል። ለምን እንደሚደክም ስጠይቀው «ጠመንጃ ተለምኖም ይገኛል፤ ጥይት ግን ካልተጠበቀች የለችም» አለኝ። ሽምብራው እሸት ሊይዝ ነው። ዘቡ ድንጋዩ ላይ መቀመጥ ጀምሯል።

ቀጄላ ይህን ለምታነቡ ሁሉ የሚለው እንዲህ ነው። «ምንሽር ያለው ሰው በእሸት ጊዜ ለአንድ ጠዋት ብቻ ያውሰኝ። ጥይት ይዞ አይምጣ፤ ከኔ ነው። ስለ እኔ አተኳኮስ ግን ከተመለሰ በኋላ ለማንም አያውራ። የጠየቀው ካለ፣ ደርቆ ነበር ይበል።»