ለለቅሶ የታዘዘ ፎቶ

ስቱዲዮዬ ከቃሊቲ ወደ አቃቂ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከአንድ ጎማ ቤት አጠገብ ናት። ተሳቢ ባለፈ ቁጥር የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል፤ ስለዚህ የተቀመጠውን ሰው አስተካክዬ፣ መብራቱን አብርቼ፣ መኪናው እስኪያልፍ እጠብቅና ነው የማነሳው። ከደንበኞቼ ብዙዎቹ ሾፌሮች ናቸው። መንጃ ፈቃድ ለማሳደስ ወይም ለመሥሪያ ቤት መታወቂያ ጉርድ ፎቶ ይነሳሉ። ሲገቡ ይቸኩላሉ፤ ሲወጡ ግን አንድ ቀልድ ሳይጥሉ አይሄዱም።

ይህ የማወራላችሁ ሰው ከነሱ አንዱ ነው። በጂቡቲ መስመር የሚነዳ፣ ትከሻው የሰፋ፣ የፊት ጥርሱ ፍንጭት የሆነ ሰው። መጀመሪያ የመጣ ቀን ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ፣ "አፍህን ግጠም፣ አትሳቅ" አልኩት።

"አፌን ስገጥም እኮ ሰው የተቆጣሁ ይመስለዋል።"

"መንጃ ፈቃድ ላይ መቆጣት ይፈቀዳል።"

ይህን ስለው ከት ብሎ ሳቀ፤ እኔም ሳላስበው ካሜራውን ተጫንኩት። ከዚያ ኮስተር አለልኝና ትክክለኛውን አነሳሁት። ጉርዱን በፖስታ ይዞ ሄደ፤ የሳቀበት ኮምፒውተሬ ውስጥ ቀረ።

ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ አንዲት ወጣት ሴት ገባች። ራሷ ላይ ጥቁር ሻርፕ ጠምጥማለች፤ ዓይኗ አብጧል። ሰላምታም ሳትሰጠኝ መዳፏን ዘረጋችልኝ። መዳፏ ላይ በላብ የረጠበ ጉርድ ፎቶ ነበር።

"ይህን በትልቁ ታወጪልኛለሽ? ለለቅሶ ነው።"

እንዲህ ያለ ትእዛዝ ለፎቶ ቤት እንግዳ አይደለም። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ፎቶውን አሳድጎ፣ ፍሬም ውስጥ አድርጎ ድንኳኑ ውስጥ ያቆመዋል። እኔም ነፍስ ይማር ብዬ ሥራዬን እሠራለሁ። ይህንን ግን ወደ ብርሃን ሳስጠጋው መጀመሪያ ያወቅኩት መጋረጃዬን ነው፤ ቀጥሎ ሰውየውን።

"ወንድምሽ ነው?"

"ወንድሜ ነው። መኪናው ከአዋሽ ወዲህ ተገልብጦ ተቃጠለ።"

ወንበር ሰጠኋት፤ ውሃም ቀዳሁላት። ከትንሿ ፎቶ ማሳደግ እንደማያስፈልግ፣ ዋናው እኔ ዘንድ እንዳለ ነገርኳት። ኮምፒውተሩን ስከፍት ግን የሳቀበትና የኮሰተረበት ጎን ለጎን ብቅ አሉ። ልሸፍነው አልደረስኩም። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ይሄ ነው እሱ" አለች ወደሚስቀው እያመለከተች። "ይሄ ራሱ ነው።" ግን ራሷን ነቀነቀች። "ለለቅሶ የሚስቅ አይሆንም። እናቴ አትችለውም። ያኛውን አድርጊልኝ።"

የኮሰተረውን መረጥን። እሱም ላይ የለበሰው የሥራ ጃኬት ነበር።

"ሱፍ ልታለብሺው ትችያለሽ?" አለችኝ። "በዕድሜው ሱፍ ለብሶ አያውቅም። ለሠርጌ እገዛለሁ ይል ነበር።"

ኮምፒውተር ላይ ሰው ሱፍ ማልበስ ቀላል ነው። ልብሱ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፤ ከአንገት በታች ማስገባትና ትከሻውን ማስተካከል ነው። ጥቁር ሰማያዊ መረጥኩለት፤ ክራቫት አሰርኩለት። ከዓይኑ ሥር ያለችውን ጠባሳ ላጠፋ ስል እህቱ ክንዴን ያዘችኝ።

"እሷን አትንኪያት። ልጆች ሆነን እኔ ነኝ በድንጋይ የፈነከትኩት።"

ተውኳት። ከዚያ ሁልጊዜ በመጨረሻ ወደምሠራው ጽሑፍ መጣሁ። ስሙን ጻፍኩ። የተወለደበትን ነገረችኝና ጻፍኩ።

"ያረፈበትስ ቀን?"

"ትናንት። ቆይ፣ ትናንት ነው ወይስ ከትናንት ወዲያ? እኛ የሰማነው ዛሬ ጠዋት ነው።"

"አስከሬኑ መቼ ይገባል ተባለ?"

"አጎቴና የመኪናው ባለቤት ሊያመጡት ሄደዋል። ስልካቸውን ብንሞክር አይሠራም።"

እውነቱን ለመናገር ተስፋ ልሰጣት አስቤ አልነበረም። የፈለግኩት ቀኑን ብቻ ነው። በለቅሶ ፎቶ ላይ ቀን ከተሳሳተ ዘመድ ይቀየማል፤ ከዚህ በፊት ደርሶብኝ አውቃለሁ። ስለዚህ፣ "የነገራችሁ ሰው ያውቃል አይደል? በዓይኑ አይቶታል?" አልኳት።

"ጓደኛው ነው የደወለልን። እሱም ሾፌር ነው። በዚያ ሲያልፍ አየሁት አለ።"

"መኪናውን ነው ያየው ወይስ እሱን?"

ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች። ለሁለታችን እንዲሰማ አድርጋ ለጓደኛው ደወለች። ከሰውየው ድምፅ በፊት የሞተር ድምፅ መጣ።

"አንተ፣ ወንድሜን አይተኸዋል?" አለችው።

"መኪናውን ነዋ ያየሁት፣ እህቴ። ጋቢናው ከሰል ሆኗል። ቆሜ ስጠይቅ ሾፌሩ አልቋል አሉኝ።"

"ማን ነው ያለህ?"

"እዚያ የተሰበሰበው ሰው።"

"አንተ አላየኸውም?"

"እኔ ስደርስ ወስደውት ነበር። የት ወሰዳችሁት ብዬ መጠየቅም አልቻልኩም፤ እንባዬ መጥቶ መንዳቴን ቀጠልኩ።"

ስልኩን ዘጋችው። "ይወስዳሉ እኮ" አለች ለራሷ። "ሬሳም ይወስዳሉ፣ ቁስለኛም ይወስዳሉ።"

አጎቷ ጋ ደወለች፤ አይሠራም። ደግማ ደወለች፤ አይሠራም። ለእናቷ ልደውል ብላ ጀመረችና ተወችው።

"ተስፋ ሰጥቻት መልሼ ብነጥቃትስ? ሁለተኛ መርዶ ላረዳት ነው?"

ልትቆይ ወሰነች። እኔም በሩን ገርበብ አድርጌ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አንድ ሰውዬ ጉርድ ሊነሳ ገብቶ ፊቷን ሲያይ ተመልሶ ወጣ። ከፊታችን ወንድሟ በሱፍ ሆኖ ይመለከተናል። አባታቸው ሲሞት ትምህርቱን ትቶ የከባድ መኪና ረዳት እንደሆነ፣ እሷን እስከ ኮሌጅ ያስተማራት እሱ እንደሆነ፣ አሁን ገላን ኮንዶሚኒየም አጠገብ ባለ ትምህርት ቤት እንደምታስተምር አጫወተችኝ። ስለ እሱ ስታወራ አንዴ "ነበር" ትላለች፣ አንዴ "ነው" ትላለች። ራሷን ስታርም፣ እርማቷን መልሳ ስታርም ሰማኋት። እኔም ምን ሆኜ ነው የጠየቅኳት ብዬ ተጸጸትኩ። ቀኑን ገምቼ ጽፌ ብሰጣት ኖሮ ይህች ልጅ እዚህ ወንበር ላይ እንዲህ አትሰቃይም ነበር።

ስልኩ ሲጮህ ሁለታችንም ብድግ አልን። አጎቷ ነበሩ፤ ከነፋስ ጋር እየታገሉ ይጮኻሉ።

"አለ!"

"ማን? ምን አለ?"

"አለ እልሻለሁ! በሕይወት አለ! ሆስፒታል አግኝተነዋል። እግሩ ተሰብሯል፣ ጎኑም ተጎድቷል፣ ግን አለ! ከመቃጠሉ በፊት በመስኮት አውጥተውታል። ስልኩ ከመኪናው ጋር ነደደ።"

"ድምፁን አሰሙኝ። ድምፁን ካልሰማሁ አላምንም።"

መንኮሻኮሽ ተሰማ፤ የሆነ ሰው "ቀስ፣ ቀስ" ሲል ሰማን። ከዚያ የደከመ፣ የቀጠነ የወንድ ድምፅ መጣ።

"እህቴ… ለእማዬ እንዳትነግሪያት። ትደነግጣለች።"

እናቱ በዚያች ሰዓት ድንኳን ተጥሎ ለእሱ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። እህቱ ተመለከተችኝ። ከወንበሩ ተንሸራትታ ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና ሳቅም ልቅሶም ያልሆነ ድምፅ አወጣች።

"አልነግራትም" አለችው። "እሺ የኔ ጌታ፣ አልነግራትም። አንተው ራስህ ትነግራታለህ።"

"አብረሽኝ ነይ፣ ብቻዬን አልችልም" ስትለኝ ስቱዲዮውን ቆልፌ ተከተልኳት። ባጃጅ ያዝን። ቤታቸው ከአቃቂ ወንዝ ማዶ ነው። መርዶ ሲነገር ሥርዓት አለው፤ ሽማግሌ ይሄዳል፣ ጎረቤት ይዘጋጃል፣ ቃሉም የታወቀ ነው። የሞተው ሰው አልሞተም ለማለት ግን ምን እንደሚባል አላውቅም ነበር። መንገዱን ሙሉ ያንን ሳስብ ሄድኩ።

ድንኳኑ በር ላይ ስንደርስ አንዲት የምታውቀኝ ጎረቤት አየችኝ። "ፎቶውን አመጡት!" ብላ ጮኸች። ቀዝቅዞ የነበረው ልቅሶ እንደገና ቀለጠ። ሴቶቹ ተነሱ። እናትየው ከፍራሹ ላይ ብድግ ብለው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ወደ እኔ መጡ።

"አምጪው! ልጄን አምጪልኝ!"

እህቲቱ ለመናገር ሞከረች፤ በልቅሶው ማንም አልሰማትም። እኔም ባዶ እጄን ዘርግቼ አሳየኋቸው።

"እማማ፣ ፎቶ አልያዝኩም። ልጅዎ አለ። አልሞተም።"

"አትቀልጅብኝ ልጄ" አሉ በዝግታ። "አልቻልኩም።"

እህቲቱ ድምፁን ከፍ አድርጋ ለአጎቷ ደወለች። ኔትወርኩ ተቆረጠ። ደገመች፤ ጠራ። የእድሩ ዳኛ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙ።

"እማዬ?" አለ ስልኩ።

እናትየው ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

"እማዬ፣ እኔ ነኝ።"

"ማነህ አንተ?"

"እኔ ነኝ እኮ።"

"ልጄ ከሆንክ፣ ስትወጣ ምን ቋጠርኩልህ?"

"ዳቦ ቆሎ። ጨው የበዛበት።"

"ጨው አልበዛበትም!" ብለው ጮኹ።

ያኔ ሁሉም አወቀ። እልልታው ከየት እንደጀመረ አላውቅም። አንዷ መሬት ስትስም አየሁ፤ ሌላዋ እኔን አቅፋ ትከሻዬን በእንባዋ አረጠበችው። እናትየው ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ይቆጡታል፤ በልቷል ወይ፣ ብርድ ልብስ ሰጥተውታል ወይ፣ ለምን አልደወለም። ስልኬ ተቃጥሏል ሲላቸው፣ ሰው ስልክ ተውሶ አይደውልም ወይ አሉት። የእድሩ ዳኛ ቀረብ ብለው፣ "ድንኳኑን እናንሳው?" ሲሉ ጠየቁ።

"ማንም እንዳይነካው!" አሉ እናትየው። "ልጄን ብሎ የመጣ ሰው ሁሉ በልቶ ይሄዳል። ያንን ንፍሮ ብቻ ከፊቴ አውጡልኝ።"

ስመለስ በእግሬ ነበር የተመለስኩት። ባጃጆች እየጠሩኝ ያልፋሉ፣ እኔ ግን መራመድ ፈለግኩ። ከጸጸቴ ተገላግዬ ቀለለኝ። ያንን ሰው በዕድሜዬ ያየሁት አንዴ ነው፤ ግን የራሴ ወንድም ከሞት የተመለሰ ያህል ነበር።

ከሆስፒታል ወጥቶ ትንሽ ሲያገግም ሦስቱም መጡ። እሱ በክራንች፣ እናቱ ከኋላው ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እህቱ በሩን ይዛ።

"እስቲ አሳዪኝ" አለኝ ገና ሳይቀመጥ። "ሞቼ እንዴት ሆኜ ነበር?"

"አይሆንም!" አሉ እናቱ።

"አንዴ ብቻ፣ እማዬ።"

ከፈትኩለት። ሱፉን፣ ክራቫቱን፣ ከሥር የተጻፈውን ስሙን አየ። ሊቀልድ አፉን ሲከፍት አይቼዋለሁ፤ ቀልዱ ግን አልመጣለትም።

"ያወጡኝን ሰዎች አላውቃቸውም" አለ በኋላ። "የማስታውሰው እጃቸውን ብቻ ነው። ትከሻዬን ይዘው ሲጎትቱኝ።"

እናቱ ወደ ኮምፒውተሩ ቀረቡ። "አጥፊው። እያየሁ አጥፊው።"

አጠፋሁት።

"ሄደ?"

"ሄደ፣ እማማ።"

"ከዚያኛውስ ሳጥን?" አሉ ወደ ማተሚያው እያመለከቱ።

"ከዚያም የለም።"

ከዚያ ሦስቱን አንድ ላይ አነሳኋቸው። እናቱን መሃል አስቀመጥኩ፣ ልጆቹን ግራና ቀኝ። ክራንቹን ላንሳው ስል እሱ አልሰጥም አለ፤ ከሆስፒታል የወጣሁበት ነው አለ። ችግር የሆነው የእናትየው ዓይን ነበር።

"እማማ፣ ወደ እኔ ይዩልኝ።"

"አንቺን አይቼሻለሁ። እሱን ልይበት።"

ደጋግሜ ባነሳም በአንዱም ላይ ወደ ካሜራ አላዩም። በሙያዬ እንዲህ ያለው ፎቶ የተበላሸ ነው የሚባለው። እኔ ግን ከሁሉ አንዱን መርጬ በትልቁ አተምኩላቸው።

አሁን መንዳቱን ትቷል። የመኪናው ባለቤት ቃሊቲ ካለው ግቢያቸው ውስጥ መኪኖችን ወደየመስመሩ እያሰናዳ እንዲያሰማራ ቀጥረውታል። እናቱ ደስ ብሏቸዋል፤ እሱ መንገዱ ይናፍቀኛል ይላል።

ፎቶውን በወሰዱ ማግስት፣ እሑድ ከሰዓት፣ እናትየው በሴት ልጃቸው ስልክ ደወሉልኝ።

"ግድግዳው ላይ ሰቀልነው" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "እግዜር ይስጥሽ ልጄ።"

"ያኑርልኝ፣ እማማ። እሱ ደህና ነው?"

"ተኝቷል። ቆይ፣ ስሚው።"

ስልኩን ያስጠጉለት መሰለኝ። መጀመሪያ ምንም አልተሰማኝም። ቆይቶ ግን የደከመው ሰው ማንኮራፋት ጥርት ብሎ መጣ፤ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ትንሽ ያርፋል፣ እንደገና ይጀምራል። ለብዙ ጊዜ ሁለታችንም አዳመጥነው።