ከብልባላ የመጡ ሦስት ቱቦዎች

ማክሰኞ ጠዋት ከአዲስ አበባ ስነሳ ከሻንጣዬ ይልቅ የተጨነቅሁላት አንዲት ሰማያዊ የበረዶ ሳጥን ነበረች። በረዶ ግን አልነበረባትም። በውስጧ ሦስት የመስታወት ቱቦዎች አሉ፤ ከታች በጥንቸል ደም የተሠራ የረጋ ምግብ፣ ከላዩ ጥቂት ፈሳሽ።

የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ከበሽተኛ የተወሰደ ሕያው ነገርን ከአካል ውጭ መግቤ አሳድጋለሁ፤ እኛ ካልቸር እንለዋለን። ከላስታ ሁለት ጊዜ ናሙና ተልኮልን ነበር። አንዱ በመንገድ ሙቀት ሞተ፣ ሌላውን ሻጋታ በላው። ሁለቱም የአንድ ሰው ነበሩ፤ ብልባላ አጠገብ ዜማ የሚያስተምሩት የመሪጌታ ፍሥሐ። ከንፈራቸው ላይ የወጣው ቁስል ሁለት ዓመት ሙሉ አልድን ብሏል። ሐኪሞቹ ቁንጭር የሚባለው የቆዳ በሽታ ነው ብለው ቢጠረጥሩም በማይክሮስኮፕ ተፈልጎ ተውሳኩ አልተገኘም። መድኃኒቱ ደግሞ ልብ ላይ ይከብዳል፤ በእሳቸው ዕድሜ ላለ ሰው ሳይረጋገጥ ሊሰጡት አልደፈሩም። አለቃዬ፣ “አሁንስ ራስሽ ሄደሽ ይዘሽ ነይ” አለኝ።

ረቡዕ፣ ወደ ላይ

ወልድያ አድሬ በማለዳ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከድልብ በላይ መንገዱ እየተጠማዘዘ ጉም ውስጥ ገባ። ጉሙን ጥሰን ስንወጣ የገብስ ማሳው እስከ ገደሉ አፍ ድረስ ተዘርግቶ አየሁት። ሳጥኗን ጭኔ ላይ አድርጌ ስለነበር አጠገቤ የተቀመጡት እናት ዝም ብለው ማለፍ አልቻሉም።

“ምን ይዘሽ ነው እንዲህ ያቀፍሽው?”

“ምግብ ነው፣ እማማ።”

“ታዲያ ለምን አትበይውም?”

“ለእኔ አይደለም። ገና ላልመጣ እንግዳ ነው።”

ትንሽ አሰብ አድርገው፣ “በሰላም ያምጣልሽ” አሉኝ። እርጉዝ የሆንኩ መስሏቸው ይሆን እያልኩ ብቻዬን ሳቅሁ። ጋሸና ላይ ትኩስ ሽሮ በልተን ወደ ላሊበላ ታጠፍን።

ሐሙስ፣ ብልባላ

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር መቅደስ ክፍሉን አጥባ፣ አቧራ እንዳይገባ መስኮቱን ዘግታ ጠበቀችኝ። መሪጌታ ከባለቤታቸው ጋር በእግር መጡ። ነጭ ጥምጥም አድርገዋል፤ በጋቢያቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነዋል። ጋቢውን ሲያወርዱት የላይኛው ከንፈራቸው አብጦ፣ መሀሉ ቅርፊት ይዟል።

“ሰው የሌሊት ወፍ ሸንቶባቸው ነው ይላል” አሉኝ ቀስ ብለው።

“አይደለም፣ መሪጌታ። ገደሉ አካባቢ ያለች ደቃቅ ዝንብ ናት የምታስተላልፈው።”

“የሆነችው ትሁን። እኔን የጎዳኝ ቁስሉ አይደለም። ከንፈሬ አልገጥም አለኝ። ደቀ መዛሙርቱ የሚይዙት ከአፌ የሰሙትን ነው፤ እኔ ያበላሸሁትን እነሱም አበላሽተው ይዘውት ይሄዳሉ። ስለዚህ የማስተማሪያ ጉባኤዬን አጠፍኩት።”

ባለቤታቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ቁስሉን አጽድቼ፣ ጠርዙን አደንዝዤ፣ በቀጭን መርፌ ጥቂት ሥጋና ፈሳሽ ወሰድኩ። የቱቦውን አፍ በአልኮል መብራቱ ነበልባል ላይ ከማሳለፌ በፊት፣ “ሁላችሁም ትንፋሻችሁን ያዙ” አልኩ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ናሙናውን ወደ ሦስቱ ቱቦዎች ጨምሬ ከድኜ ስጨርስ መሪጌታ ትንፋሻቸውን ለቀቁ።

“ለምን ነበር?”

“በትንፋሻችን ሌላ ተሕዋስ ገብቶ ምግቡን እንዳይቀድምብን ነው።”

አንዱን ቱቦ ወደ ብርሃን አቅንተው አዩት። “ባዶ ነው እኮ።”

“አሁን አይታይም። ተውሳኩ ካለ ይባዛል፤ ሳምንትም ወርም ሊፈጅ ይችላል።”

“ከእኔ ተለይቶ ይኖራል?”

“ሙቀቱን ከጠበቅሁለት ይኖራል።”

ቱቦውን በሁለት እጃቸው መለሱልኝ።

ዓርብና ቅዳሜ፣ መመለሻ

አውሮፕላኑ ሞልቶ ስለነበር በመኪና ተመለስኩ። ቱቦዎቹ የሚፈልጉት ሃያ አራት ዲግሪ ገደማ ነው። ጋሸና ላይ ብርዱ ሲጠና ሳጥኗን ጋቢዬ ውስጥ ደበቅኋት። በማግስቱ ሸዋሮቢት ስንደርስ ደግሞ ቴርሞሜትሩ መውጣት ጀመረ። ሾፌሩን ለምኜ አስቆምኩት፤ ሻርፔን ውኃ ውስጥ ነክሬ ጠቀለልኳት። “ሕፃን ነው እንዴ የያዝሽው?” አለኝ። ዓይኔን ከቴርሞሜትሩ አልነቀልኩም።

ላብራቶሪ

በሳምንቱ አንዱ ቱቦ ነጭ ሻጋታ አወጣ። በሁለተኛው ምንም አልነበረም። ሦስተኛውም ባዶ መሰለኝ፤ ለመሪጌታ የምነግራቸውን ክፉ ዜና በልቤ አሰናዳሁ። በአሥራ አንደኛው ቀን ከዚያው ቱቦ አንዲት ጠብታ ወስጄ ማይክሮስኮፑ ሥር አደረግሁ።

ይዋኙ ነበር።

ቀጫጭን ናቸው፤ ጭራቸውን ከፊት አድርገው እየተርገበገቡ ይጓዛሉ። አንዳንዶቹ ጭራቸውን ወደ መሀል ሰብስበው ክብ ሠርተዋል፤ አበባ ይመስላሉ። በሥራዬ ብዙ ጊዜ አይቻቸዋለሁ። ያን ቀን ግን ደጋግሜ አየኋቸው። እነዚህ በአንድ ሽማግሌ ከንፈር ውስጥ ተደብቀው፣ ጉምና በረሃ አቋርጠው የመጡ ናቸው።

ወዲያው ደወልኩ። ሲስተር መቅደስ ስልኩን ይዛ ቤታቸው ድረስ ሄደች።

“ተገኘ፣ መሪጌታ። ቁንጭር ነው።”

“ምን ይመስላል?” አሉኝ።

ያየሁትን ነገርኳቸው።

“ምን ይበላሉ?”

“የጥንቸል ደም።”

“እንግዲያ በሽታዬን ቀለብ ሰፍረሽለታላ!” ብለው ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸው ተሰበረ። “ልጄ፣ ‘ምንም አልተገኘም’ እየተባልኩ ነበር እኮ የኖርኩት።”

ሆስፒታል ተኝተው፣ ልባቸው በየቀኑ እየታየ መርፌውን ጨረሱ። ጠባሳው አልጠፋም፤ ነገር ግን ጉባኤው እንደገና ተዘርግቷል። ይህን የነገሩኝ ባለቤታቸው ናቸው፤ እሳቸው ማስተማር ላይ ስለነበሩ ስልክ አላነሱም።

ቤቴ ገብቼ ይህን ስጽፍ ከጉዞው የተማርኩት ምንድን ነው ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። አንድን ሰው ሁለት ዓመት ዝም ያሰኘ ነገር እንዲያ ማማሩ ዛሬም ያስደነግጠኛል። እሱን ለማጥፋት መጀመሪያ እንዳይበርደው ማቀፍ፣ እንዳይሞቀው ማራስ ነበረብኝ። ያንን ያደረግሁት በፍርሃት ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን ከፍርሃቱ ይልቅ የሚቀረኝ መደነቁ ነው።