«ከመሀል ነው የሚጀመረው»

ዛሬ ጠዋት የመኪናዬን ሞተር ባስነሳው ውሃውን በጎን ተፋብኝ።

ሦስት ቀን ሙሉ እዚህ ቢቸና ግቢዬ ተቀምጬ ቫልቮላውን አንድ ባንድ አጽድቼ፣ የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ ራሴ ነው የገጠምኩት። ጎረቤቴ «ጋሼ፣ መካኒክ ይጥሩ» ቢለኝ «ይህን ሞተር ከመካኒኩ በፊት አውቀዋለሁ» አልኩት።

ለካ ቡሎኖቹን ከዳር ጀምሬ አጥብቄያቸው ኑሯል። ከዳር ከተጠበቀ ደግሞ ክዳኑ እኩል አይቀመጥም።

ባለቤቴ የሺ በሕይወት ሳለች በር ላይ ቆማ «አንቱ፣ ከመሀል ነው የሚጀመረው» ትለኝ ነበር። «አንቺ ስለ ሞተር ምን ታውቂና» እላታለሁ። ጀርባዋን ስታዞር ከመሀል እጀምራለሁ።

ዛሬ በሩ ላይ ማንም የለም።

ነገ ሙት ዓመቷ ነው። የድግሱን እህል ሞጣ፣ የትውልድ ቀዬዋ፣ በዚችው መኪና ላደርስላት ነበር ሐሳቤ። አሁን በሰው መኪና ልሄድ ነው።

እናንተስ የማን ቁጣ ናፈቃችሁ? ጻፉልኝ፤ ፊደል እየቆጠርኩም ቢሆን አነበዋለሁ።