ያለ ሰላምታ ያለፉኝ ሐኪም

ገበናችሁን ሁሉ የሚያውቅ ሰው መንገድ ላይ እንደማያውቃችሁ ሆኖ አልፏችሁ ያውቃል? እኔን አልፎኛል። ከመጀመሪያው ጀምሬ ላስረዳ።

አስተማሪ ነኝ። ባለፈው ዓመት ክፍል ገብቼ ገና አፌን ስከፍት ድምፄ ይዘጋ ጀመር። ጉሮሮዬን ያዩ ሐኪሞች ምንም አላገኙበትም። ርዕሰ መምህሯ "ልጄ፣ በዚህ ዓይነት ላስቀጥልሽ አልችልም" አሉኝ። ከማስተማር ሌላ የማውቀው ነገር የለም፤ ማታ ስተኛ ባልነጋ እያልኩ እመኝ ነበር። በመጨረሻ አብነት ሰፈር፣ አንድ ፎቅ ላይ ወዳሉ የሥነ ልቦና ሐኪም ሄድኩ። ጎልማሳ ናቸው፣ ብዙ አይናገሩም። የሚገርመው እሳቸው ፊት ድምፄ አይዘጋም። በሳምንት አንድ ቀን እንደ ሰው የማወራው እዚያ ብቻ ነበር።

አንድ ቅዳሜ አንዋር መስጊድ አጠገብ ጨርቅ ቤት ቆሜ መጋረጃ ስመርጥ አየኋቸው። የአንዲት ትንሽ ልጅ እጅ ይዘው ይስቃሉ። ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። ጎንበስ ብዬ ሰላም ልል ስል ፊታቸውን መለስ አድርገው አለፉ።

ክው ብዬ ቀረሁ።

"እህቴ፣ ልትገዢው ነው ወይስ ልታለቅሺበት?" አለኝ ባለሱቁ። ጨርቁን ጨምድጄ መያዜ የታወቀኝ ያኔ ነው።

በእኛ ዘንድ የተኳረፈ ሰው እንኳ ሰላምታ አይነሳም። ስለዚህ ተመልሼ ላልሄድ ወሰንኩ። ሰኞ ግን ክፍል ውስጥ አንድም ቃል አልወጣኝም። ከፊት የተቀመጠች ተማሪዬ "ቲቸር፣ እኔ ላንብብልሽ?" አለችኝ። ከዚህ በኋላ ሌላ የማንኳኳው በር አልነበረኝም፤ ሄድኩ።

"ለምን አለፉኝ?" አልኳቸው ሳልቀመጥ።

"ሰላም ብልሽ 'ከየት ታውቂያቸዋለሽ?' የሚልሽ አይጠፋም። ምስጢርሽን ልጠብቅ ብዬ ነው። አስቀድሜ ልነግርሽ ይገባ ነበር።"

"ይገባኛል። ግን ገደሉኝ!"

"እኔንም ከብዶኝ ነበር" አሉ። "ግን እንዲህ ያለፈሽ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ?"

ያን ጊዜ ተቀመጥኩ። ልጅ ሳለሁ፣ አባቴ ሌላ ትዳር ይዞ ከቤት በወጣ ሰሞን ጎጃም በረንዳ ገበያ ውስጥ አግኝቼው ነበር። አዲሷን ልጁን አቅፏል። ከገበያው ጋሪዎች መሀል "አባዬ!" ብዬ ተጣራሁ፤ ዞር ብሎ አየኝና አለፈ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር፤ ለእሳቸው ነገርኳቸው።

በሙያው "ሽግግር" ይሉታል። ታካሚው ለሌላ ሰው ያስቀመጠውን ፍቅርና ቂም ሳያውቀው ሐኪሙ ላይ ይጭነዋል። ሐኪሙም ሰው ነውና በውስጡ የሚቀሰቀሰውን ስሜት መቆጣጠር አለበት፤ አለዚያ ራሱም የታካሚው አባት መሆን ያምረዋል። ቂሙ እዚያው፣ እሱ ፊት ካልተነገረ ግን ታካሚው ኩርፊያውን ይዞ ይጠፋል። እኔም ልጠፋ ነበር።

አልዳንኩም። ይህን ስጽፍም ድምፄ አንዳንድ ቀን ይመጣል፣ አብዛኛውን ቀን የለም። ርዕሰ መምህሯ የሰጡኝ ጊዜ እስከ ፈተና ነው፤ ይበቃኝ እንደሆነ አላውቅም። አሁንም የሐኪሙን ደረጃ የምወጣው እየፈራሁ ነው።

እናንተም በሚያክማችሁ ሰው አዝናችሁ መቅረት ሲያምራችሁ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሂዱና ቅሬታችሁን ፊት ለፊት ንገሩት። መቅረቱን ከዚያ በኋላም ትደርሱበታላችሁ። እባካችሁ፣ ሞክሩት።