የአበልጄ ትራክተር

ሱዳን ድንበር ላይ፣ ቁረይሻ አጠገብ ባለ አንድ የሰሊጥ እርሻ የቀን ሠራተኛ አሰማራለሁ። እርሻው ድሮ የአበልጄ ነበር። ጫካውን መንጥረው ያቀኑት እሳቸው ናቸው፤ እኔንም ሥራ ያስያዙኝ፣ ልጄንም ክርስትና ያነሡልኝ እሳቸው ናቸው።

ተኩስ የተነሣ ቀን አበልጄ በለበሱት ልብስ ወደ መተማ ተሻገሩ። የሱዳን ወታደር መሬቱን ያዘ፤ ቆይቶ ለአንድ የገዳሪፍ ሰው ተሰጠ፤ ትራክተራቸውም አብሮ። የባለቤትነት ወረቀቱ ከጎጆው ጋር ነዷል። እኔ ደግሞ፣ ሆድ ክፉ ነው፣ ለአዲሱ ባለ እርሻ አደርኩ።

አምና ለጅና የሚሉት ኮሚቴ ተቋቋመና፣ መሬት አይመለስም፣ ዕቃ ግን ዘመድ ያልሆነ ምስክር ላመጣ ሰው ይመለሳል ተባለ። አበልጄ ሰምተው መጡ። አብረዋቸው ከሠሩት እዚህ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። መሬቱስ የመንግሥታት ጣጣ ነው፣ ትራክተሩን ካገኘሁ ግን አገሬ ገብቼ የሰው ማሳ እያረስኩበት እጦራለሁ አሉኝ። እመሰክራለሁ አልኳቸው። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

ቀኑ ደርሶ ኮሚቴው ፊት ስንገባ ባለ እርሻው ጥግ ይዞ ሻይ ይጠጣል። ቀና ብሎም አላየኝ። እኔ ግን የማድርባት ጎጆ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ሁሉም በእሱ እጅ መሆኑን አሰብኩ። ሰብሳቢው ለሽማግሌው ምናቸው ነህ ብሎ ጠየቀኝ። ሠራተኛቸው ነበርኩ ማለት ይበቃኝ ነበር። አበልጅ የሚባለውን ነገር እነሱ ከየት ያውቁታል?

"ዘመዴ ናቸው" አልኩ።

በምን ቢለኝ፣ በተሰባበረ ዐረብኛዬ ተጠንቅቄ አስረዳሁት፤ በእኛ ዘንድ ልጅ ክርስትና ያነሣ እንደ ሥጋ ዘመድ ነው፣ ልጆቻችን እንኳ አይጋቡም አልኩት። ያን ቀን እንዳማረልኝ ዐረብኛ ተናግሬ አላውቅም። ሰብሳቢው እውነተኛ ሰው ነህ ብሎ አመሰገነኝ። አንድም ቃል አልዋሸሁም እኮ! እሱ ነው የሚያቃጥለኝ።

ከዚያ ወደ አበልጄ ዞሮ እንዲህ ነው ወይ አላቸው። አይደለም ቢሉ ማን ያጣራ ነበር? ትንሽ አዩኝ። ፍርሃቴን እንዳወቁብኝ አውቄያለሁ።

"እውነቱን ነው። ልጁ ልጄ ነው" አሉ።

በዚሁ ጉዳዩ ተዘጋ። ውጭ ስንወጣ ቢሰድቡኝ፣ ቢረግሙኝ ደስ ባለኝ። ልጁን ከትምህርቱ እንዳታስቀረው አሉኝና መኪና ተሳፍረው ሄዱ። እኔም ወደ ቤቴ።

ሚስቴ ልብስ ታጥባለች። ትራክተሩን ከለከሏቸው አልኳት። ለምን አለችኝ፤ ምስክር አጥተው አልኳት። እጇን ከውሃው አወጣች።

"አንተ የት ሄደህ?"

ሥራ ላይ ነበርኩ አልኳት።